ዝምተኛው መንታ

መጀመሪያ ያየሁት የቀኝ እጁን መዳፍ ነው። ሳጥበው ጣቶቹ አልዘረጋ አሉ። አንድ በአንድ ፈልቅቄ ስከፍታቸው አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ መዳፉ ላይ የጋቢ ብናኝና የረጋ ወተት ተጣብቆ አገኘሁ። ኮምጠጥ ያለ ጠረን ነበረው። በሞቀ ውሃ አጠብኩለት፤ አደረቅሁና ለቀቅሁት። ወዲያው ተመልሶ ተጨበጠ። ሕፃን ሁሉ ይጨብጣል ብዬ ወደ እህቱ ዞርኩ። አራት ወሩ ነበር።

ይህን የምጽፈው ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ፣ ወይም ሲወለድ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ለተመለሱ እናቶችና አባቶች ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ ማየት ሲገባኝ ያላየሁትንም ጭምር።

የምንኖረው ከላሊበላ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ጀርባ ባለ ቀበሌ ነው። ባለቤቴ መንግሥቴ ገበሬ ነው፤ እርሻ በማይኖርበት ወራት ድንጋይ ይጠርባል፣ ቤት ይሠራል። አማቴ እማማ ደብሬ አብረውን ይኖራሉ። ዘመኑ በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚከፈትበት፣ የጤና ኤክስቴንሽን የሚሏቸው ወጣት ሴቶች ቤት ለቤት መዞር የጀመሩበት ነበር።

ምጥ የያዘኝ በሐምሌ፣ ሰባተኛ ወሬን ጨርሼ ስምንተኛውን ስጀምር ነው። የሰፈሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከተማው ሆስፒታል አደረሱኝ። ጭቃው እስከ ጉልበት ይይዝ ስለነበር መንገዱ እጥፍ ጊዜ ወሰደ። መንታ መሆናቸውን ያወቅሁት እዚያ አልጋ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሴቷ መጣች። አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አትሞላም። ግን ጮኸች፣ እጇንም እግሯንም አወራጨች። ቀጥሎ ወንዱ መጣ። ከእሷ ይከብዳል፤ ሁለት ኪሎ ለመሙላት ጥቂት ነው የቀረው።

አላለቀሰም።

መልኩ ጠቁሯል። አይንቀሳቀስም። አዋላጇ ጀርባውን አሸችው። ምንም። አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍና፣ በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ አየር ትሰጠው ጀመር። እኔ ጭመቃውን እቆጥር ነበር። ቁጥሩ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ የድመት ግልገል የመሰለ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«ተነፈሰ» አለች አዋላጇ።

ሳምንታት ሆስፒታል ተኛን። ሁለቱንም ደረቴ ላይ፣ ቆዳቸው ከቆዳዬ ጋር ተገናኝቶ፣ በነጠላ ታስረው ከረሙ። ስንወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ በወንዱ ስም አንጻር «በርዝ አስፊክሲያ» ተብሎ ተጽፏል። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ሲወለድ አየር አጥሮታል ማለት ነው፣ ክትትል ያስፈልገዋል አሉኝ። ክትትል የሚለውን ቃል ክብደቱን ማስመዘን ማለት መሰለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ የማስተማሪያ ደብተሮቼ ያሉበት ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ቤት ከገባን በኋላ ሐሳባችን ሁሉ ሴቷ ላይ ሆነ። ስሟን ፀዳለ አልናት። ትንሽ ናት፣ ታለቅሳለች፣ ጡት ይዛ ትለቃለች፣ ስትተኛ እንኳ ትወራጫለች። ወንዱን ኪዳኔ አልነው። እሱ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አይልም። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ውሃው ሲነካው እንኳ አላለቀሰም። ቄሱ ሳይቀሩ ተገረሙ።

«ይሄስ እንዳባቱ ጨዋ ነው» ይላሉ እማማ ደብሬ። «እሷ ናት እንጂ የምታንገበግበን።»

እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ሕፃን ይዛ ለምትንገላታ ሴት አንዱ ዝም ማለቱ እረፍት ነው። እሱን በጀርባው አስተኝቼ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር እውል ነበር። ይህን መጻፍ አሁንም ይከብደኛል።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዘውዴ ትባላለች። በታኅሣሥ ልጆቹን ልትመዝን መጥታ እንዲህ አለችኝ፤ «መምህርት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከደሴ ወደ ከተማው ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይመጣል። የሕፃናትን እንቅስቃሴ ነው የሚያየው። ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱትን ሁሉ አምጡ ተብለናል።»

«ፀዳለን አመጣታለሁ» አልኳት።

«ሁለቱንም አምጪ እንጂ። ሁለቱም ቀናቸው ሳይደርስ አይደል የተወለዱት?»

እውነቱን ለመናገር ኪዳኔን ላመጣው አላሰብኩም ነበር። ደህና ልጅ ለምን በብርድ ይንገላታል ብዬ። የወሰድኩት ጡት ስለሚጠባና የሚያቆይልኝ ሰው ስላጣሁ ነው። እማማ ደብሬ እሱን አዘሉ፣ እኔ እሷን አዘልኩ፤ ሳይረፍድ ተነሳን። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ከሩቅ አገር በእግራቸው የሚመጡ ምዕመናን መንገዱን ሞልተውት ነበር።

ባለሙያው አቶ ሰይድ ይባላሉ፤ ጎልማሳ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ጠየቁኝ። ከሳጥኑ አውጥቼ ይዤው ነበር። አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ። ቀጥለው ዕድሜያቸውን አሰሉ።

«ከተወለዱ አምስት ወራቸው ነው» አሉ። «ሁለቱን ወር ግን ማህፀን ውስጥ ሊያሳልፉት የሚገባ ነበር። ስለዚህ እኔ የማያቸው እንደ ሦስት ወር ልጅ ነው። እርስዎም ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲያስተያዩ ሁለት ወር ይቀንሱ።»

ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ክፍሉ ሞቅ እንዲል ከሰል ተቀጣጥሎ ከወጣ በኋላ ነው የገባነው። ልጆቹ ጠግበውና ነቅተው፣ ሳያለቅሱ፣ ከወገብ በታች ራቁታቸውን በጀርባቸው እንዲተኙ አደረጉ። ከዚያ ራቅ ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«አያነጋግሯቸው። ዕቃም አያሳዩዋቸው። ዝም ብለን እንያቸው።»

ደቂቃዎች አለፉ። እማማ ደብሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሳይነካ የሚያክም ሐኪም አይቼ አላውቅ» አሉ።

አቶ ሰይድ ሰሙ መሰለኝ ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከፍራሹ አላነሱም።

መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ፀዳለ ነው። ጠጋ ብለው ይዩ አሉኝ በእጃቸው። አንገቷን፣ የእጇን አንጓ፣ ቁርጭምጭሚቷን። ሳያቋርጥ፣ በየአቅጣጫው፣ ትንንሽና ለስላሳ እንቅስቃሴ አለ። የምንደነግጥበት መወራጨቷ ይህ ነበር። «በዚህ ዕድሜ የምፈልገው ይህን ነው» አሉ። «አንጎሏና ጡንቻዋ እየተነጋገሩ ነው። ትንሽ ናት እንጂ ደህና ናት። ክብደቷን ዘውዴ ትከታተል።»

ደስ አለኝ። ልጠቀልላት ጎንበስ ስል፣ «ይቆዩ መምህርት» አሉኝ። «እሱን ደግሞ እንየው።»

ኪዳኔን አየሁት። ከእህቱ አጠገብ ስለተኛ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት ማለት እችላለሁ። ትንንሹ እንቅስቃሴ የለም። ሲንቀሳቀስ ባንድ ጊዜ፣ እንደ ግንድ ተገትሮ ነው። ከዚያ ይቆማል። ግራ እጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ቀኙ ጎኑ ላይ ቀርቷል። ተጨብጧል። ሁለቱ እጆቹ ደረቱ ላይ አይገናኙም።

አቶ ሰይድ እጃቸውን በትንፋሻቸው አሙቀው ነኩት። ሁለት እጁን ይዘው ቀስ ብለው አስቀመጡት። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ቀረ። ሆዱን በመዳፋቸው ደግፈው በደረቱ ወደ ታች አንጠለጠሉት። የቀኝ ቁርጭምጭሚቱን አጠፉ፤ ሊታጠፍ አልፈለገም። ሁሉንም በወረቀት ጻፉ።

«ምን ሆኗል?» አልኩ።

«ዛሬ የበሽታ ስም አልሰጥም። ግን በጣም ያሰጋኛል። ስሙ እስኪታወቅ ቁጭ ብለን አንጠብቅም፤ ሥራውን ዛሬ እንጀምራለን።»

«እኔ እኮ ዝም ስላለ ደህና መስሎኝ...» አልኩ።

«ይኸውልዎት መምህርት፣ ይህን የሚያዩ እናቶች ሁሉ እንዲሁ ይሉኛል። ጉዳቱ የደረሰው ሲወለድ ነው፤ እርስዎ ያደረጉት ነገር አይደለም። አሁን ጥፋተኛ መፈለጉን ይተዉትና እንዴት እንደሚያቅፉት ላሳይዎት።»

አሳዩኝ። ቀኑን ሙሉ በጀርባው መተኛቱ ቀረ። ነቅቶ ሲሆን በሆዱ፣ ደረቴ ላይ፣ ወይም በተጠቀለለ ፎጣ ላይ። በጎኑ ሲተኛ ሁለቱ እጆቹ ፊት ለፊቱ እንዲገናኙ ከጀርባው ጨርቅ መደገፍ። ሲታዘል እግሮቹ ተከፍተው እንዲያቅፉኝ እንጂ ገጥመው እንዳይጠቀለሉ። ከቀኙ በኩል ሆኜ ማናገር። ጣቶቹን ፈልቅቆ ከመክፈት ይልቅ የእጁን ጀርባ ከትንሿ ጣት በኩል ቀስ ብሎ ማሸት፤ በራሳቸው ይዘረጋሉ። ልዩ ሰዓት አያስፈልገውም አሉ፤ ሲጠባ፣ ሲታጠብ፣ ልብስ ሲለውጥ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ደቂቃ።

አቶ ሰይድ በየሁለት ወሩ ይመጡ ነበር፤ አንድም ቀጠሮ አላለፈንም። ኪዳኔ አንገቱን አጸና። ዘግይቶ ተገለበጠ፣ ያውም ወደ ቀኝ ብቻ። ዓመት ሳይሞላው ግራ እጁ ብርቱ ሆነ፤ የመንግሥቴን ጢም ይዞ አይለቅም። ቤተሰቡ «ግራኝ ነው» እያለ ተደሰተ። አቶ ሰይድ ግን ይህን ስነግራቸው አልሳቁም።

«ሕፃን ዓመት ሳይሞላው እጅ አይመርጥም» አሉ። «አንዱን ብቻ ከተጠቀመ ሌላውን ማየት ነው። አሁን ደሴ ሂዱና የሕፃናት ሐኪም ትየው።»

በጋሸና አድርገን ወልድያ አደርን፤ በማግስቱ ደሴ ገባን። ሐኪሟ ረጅም ጊዜ መረመረችው። የአቶ ሰይድን ወረቀቶች በሙሉ አነበበች። ከዚያ ነገረችን።

ሴሬብራል ፓልሲ፤ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር። ዓይነቱ ሄሚፕሌጂያ። በአንድ ጎን፣ በቀኙ።

«ይድናል?» አላት መንግሥቴ።

«የተጎዳው የአንጎል ክፍል አይመለስም» አለች። «ጉዳቱ ደግሞ አይጨምርም። ልጁ ግን ይማራል። በዚህ ዕድሜ ታውቆ ሥራ ተጀምሮለት የመጣልኝ ልጅ ጥቂት ነው። ይሄዳል ብዬ አስባለሁ። መቼ እንደሆነ አልነግራችሁም።»

ወጣን። መነኸሪያው አጠገብ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። መንግሥቴ አላለቀሰም። ኪዳኔን ከእጄ ወሰደው። ከኪሱ የግንበኛ ሲባጎውን አወጣ። ከልጁ ብብት እስከ ተረከዙ ለካ። ቋጠሮ ቋጠረበት። «መቆሚያ እሠራለታለሁ» አለ። ቤት እንደገባን ከባሕር ዛፍ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጠረጴዛ ሠራለት፤ ልጁ ጎድጓዳው መሃል ደረቱን አስደግፎ፣ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የሚቆምበት።

ዓመት ካለፈው በኋላ አቶ ሰይድ አዲስ ሥራ ሰጡኝ። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ሲጫወት፣ ግራ እጁ ላይ ካልሲ ማጥለቅ። ቀኙ እንዲሠራ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሥራውን ለእማማ ደብሬ ትቼ እሄድ ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ክፍሌን ቀድሜ ጨርሼ ስመለስ ካልሲው ከደጃፍ ድንጋይ ላይ ተጥሎ፣ ኪዳኔ በግራ እጁ ሲጫወት አገኘሁት።

«እማማ፣ ካልሲውን እርስዎ ነዎት የሚያወልቁት?» አልኳቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ!» አሉ ሳያፍሩ። «እግዜር የተወለት አንድ እጅ ነው። እሱንም ታስሪበታለሽ? ሲያለቅስ እያየሁ ልቤ አልቻለም። ውይ በሞትኩት፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!»

ተቆጣሁ። በሕይወቴ በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ዋልን። በቀጠሮው ቀን ግን እሳቸውንም ይዤ ሄድኩ። አቶ ሰይድ ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም፤ ወንበር ስበው እማማ ደብሬ ፊት ተቀመጡ።

«እማማ፣ ልጁ ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል» አሉ። «እኔም ልጆች አሉኝ። ግን ቀኝ እጁን አንጎሉ እየረሳው ነው። ግራው ሁሉን ስለሚሠራለት ቀኙ የሚጠራበት ጊዜ የለም። ግማሽ ሰዓት ብቻ ይጠራ። ካልሲውን የሚያጠልቁትም የሚያወልቁትም እርስዎ ይሁኑ። ካለቀሰ ጨዋታውን ይለውጡለት። ከበረታበት ደግሞ ያውልቁለት፤ ልጁን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እማማ ደብሬ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ እንዲህ ብላ መች ነገረችኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ትእዛዝ እንጂ ምክንያት አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የእሳቸው ሆነ። ጠበልም ይወስዱት ነበር፤ አልከለከልኳቸውም፣ አቶ ሰይድም «ብርድ እንዳይመታው፣ ልምምዱም እንዳይቀር» ከማለት በቀር ምንም አላሉም። እኔ ከመጽሐፍ የማላገኘውን ጨዋታ እሳቸው ከጓሮ ያመጡ ነበር። በመስከረም መጨረሻ የባቄላ እሸት ሲደርስ ቅርፊቱን አጋማሽ ድረስ ከፍተው ቀኝ እጁ ውስጥ ያስይዙትና ፍሬውን በግራው እንዲያወጣ ያባብሉታል፤ መጀመሪያ እሸቱ ይወድቅበት ነበር፣ ከዚያ ጥቂት ይዞ ይለቀው ጀመር፣ ቆይቶም ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ፣ በአንዱ እጁ ይዞ በሌላው እየፈለፈለ፣ እሳቸውም ፍሬውን ወደ አፉ እንዳይከት እየተከላከሉ ያገኘኋቸው ቀን አለ፤ ደብተሬን እንዳቀፍኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ አየኋቸው።

ፀዳለ በዓመት ከሦስት ወሯ ሄደች። ኪዳኔ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ፈጀበት። የባሕር ዛፍ ጠረጴዛውን ይዞ በጎኑ መሄድ ጀመረ፣ ቀጥሎ የእህቱን ቀሚስ፣ ቀጥሎ የግድግዳውን ድንጋይ፤ አንድ ጧት መንግሥቴ በሬዎቹን ሊያወጣ ሲል ምንም ሳይዝ ሦስት እርምጃ ተራምዶ የአባቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። የቀኝ ተረከዙ መሬት አይነካም ነበር። ደሴ ተመልሰን በልኩ የተሠራ የፕላስቲክ የእግር ድጋፍ አደረጉለት፤ እያደገ ሲሄድ ድጋፉ እየጠበበ ብዙ ጊዜ አስለወጥን።

አሁን ሁለቱም ሦስተኛ ክፍል ናቸው። ኪዳኔ ያነክሳል። ቁልቁለት ላይ ይወድቃል፤ አገራችን ደግሞ ቁልቁለት አያጣም። ቁልፍ መቆለፍ ጊዜ ይወስድበታል። በግራው ይጽፋል፣ ወረቀቱን በቀኙ ይይዛል። ሒሳብ ከእህቱ ይበልጣል፤ ይህንንም በየቀኑ ይነግራታል። ዳነ አልልም። ሐኪሟም እንዲያ ብላ አልዋሸችንም። ግን የቀኝ እጁ የእሱ ነው፤ ያውቀዋል፣ ይጠቀምበታል።

ዘውዴን አመሰግናለሁ፤ «ሁለቱንም አምጪ» ያለችኝ እሷ ናት። አቶ ሰይድን አመሰግናለሁ፤ በዚያ ጠጠር መንገድ በየሁለት ወሩ ስለተመላለሱ፣ አማቴን እንደ እናታቸው ቀርበው ስላነጋገሩ። እማማ ደብሬ ባለፈው ዓመት አረፉ። ኪዳኔ ከአስከሬናቸው ኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ፣ ዳገቱን በሙሉ፣ ማንም ሳይደግፈው በእግሩ ሄደ።

ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። ከሆስፒታል የተሰጣችሁን ወረቀት አትደብቁት፤ ልጁን ለሚያይ ባለሙያ ሁሉ አሳዩ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ከሆነ የጎደለውን ወር ቀንሳችሁ ቁጠሩ፤ ግን ይህ መዘናጊያ አይሁናችሁ። የሚያለቅሰውን ብቻ ሳይሆን የማያስቸግረውንም እዩ። አንድ እጅ ብቻ ከተጠቀመ፣ እግሩ ከደረቀ፣ ወይም ጨርሶ ከላላ፣ «ይደርሳል» የሚላችሁ ሰው ይበዛል፤ ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ እኔም እል ነበር። ደህና ሆኖ ከተገኘ የምታጡት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች አትዘዟቸው፤ ምክንያቱን ንገሯቸው፣ ሥራውንም ስጧቸው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ጠግቦና ነቅቶ ሳለ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ልጃችሁን በጀርባው አስተኙት። መጠቅለያውን ፍቱለት። አታናግሩት። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና እዩት። ልባችሁ ከተጠራጠረ ነገ ጧት ተነሱና ሂዱ።